ደብረ ብርሃን የዙፋን ከተማ ብቻ አልነበረችም፦ በስፋት ለተሰራጨ አንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ደብረ ብርሃን ታሪክ የተጻፈ አንድ ረዘም ያለ መጣጥፍ ብዙ ሰው ሲያነበውና ሲቀባበለው ሰንብቷል። ጽሑፉ በጥሩ አማርኛ የተጻፈ፣ አቀራረቡም የተረጋጋ ስለሆነ በርካታ አንባቢዎች ያለ ጥያቄ ተቀብለውታል። እኔ ግን ዋናው ድምዳሜው የተሳሳተ ነው ብዬ ስለማምን፣ ያነሣቸውን ነጥቦች በየተራ መመርመር ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

በቅድሚያ የጸሐፊውን ሐሳብ ሳላዛባ ላስቀምጥ። እሳቸው እንደሚሉት ደብረ ብርሃን ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ጀምሮ የዙፋንና የቤተ ክህነት ከተማ እንጂ ሥልጣንን የሚቃወም ሐሳብ የበቀለባት ቦታ ሆና አታውቅም። በጣሊያን ወረራ ዘመን በሰሜን ሸዋ የተደረገው ተጋድሎ የገጠሩና የመኳንንቱ ሥራ ሲሆን ከተማዋ ራሷ የጠላት ጦር ሰፈር ነበረች፤ አርበኞቹም የተዋጉት ለዘውዱ ታማኝ ስለነበሩ ብቻ ነው። የ1966ቱን አብዮት ያመጡት የአዲስ አበባ ሬዲዮና ካድሬዎች ናቸው። ሕዝቡ በራሱ የሰጠው መልስ ቢኖር በ1967 ዓ.ም. መንዝ ላይ የታየው ሽፍትነት ብቻ ነው፤ ይህም አካባቢው በአሮጌው ሥርዓት የተጠቀመ የባለ ጥቅሞች አገር እንደነበረ ያረጋግጣል። በመጨረሻም አብዮቱ በከተማዋ ላይ አንዳች አሻራ ስላልተወ፣ በታሪኳ ውስጥ ስለ አመፅና ስለ አብዮት የሚናገር ምዕራፍ ማስገባት የሌላውን ታሪክ መዋስ ነው ይላሉ።

ወደ ተቃውሞዬ ከመግባቴ በፊት ጸሐፊው ትክክል የሆኑበትን አንድ ጉዳይ ላንሣ። አንዳንድ የአገራችን ሰዎች ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. የተደረገውን የሰገሌን ጦርነት ከአብዮት ጋር ሊያዛምዱት ይሞክራሉ። ጸሐፊው ይህንን ውድቅ አድርገውታል፤ እኔም እስማማለሁ። በቶራ መስክ ራስ ልዑል ሰገድ ሲወድቁም ሆነ ከቀናት በኋላ በሰገሌ ንጉሥ ሚካኤል ሲሸነፉ የተጣላው መኳንንትና መኳንንት ነበር፤ የክርክሩም ፍሬ ነገር በልጅ ኢያሱ ፋንታ ማን ይንገሥ የሚል ነበር። ገበሬው ስንቅ አቅርቦ፣ እህሉ ተረግጦበትና ልጁን ቀብሮ ከመመለስ በቀር ያገኘው ነገር የለም። በሰሜን ሸዋ ሜዳ ላይ ብዙ ደም ስለፈሰሰ ብቻ ጉዳዩን አብዮት ማለት አይቻልም።

የመጀመሪያው ነጥብ ግን የሚያስገርመው የሚያስተባብለው ማስረጃ በከተማዋ ስም ውስጥ መገኘቱ ነው። የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዜና መዋዕል እንደሚተርከው፣ የአባ እስጢፋኖስ ተከታዮች የነበሩ መነኮሳት በንጉሡ ፊት ቀርበው በዚያ ስፍራ የካቲት 2 ቀን በድንጋይ ተወገሩ፤ ከ38 ቀናት በኋላ መጋቢት 10 ቀን ብርሃን ከሰማይ ወርዶ ታየ፤ ንጉሡም ይህንን የፍርዱ ማረጋገጫ አድርጎ ወስዶ በቦታው ቤተ ክርስቲያን አሠራ፣ ስሙንም ደብረ ብርሃን አለው። ደቂቀ እስጢፋኖስ የተከሰሱባቸው ነገሮች ብዙ ናቸው፤ ለእመቤታችን ሥዕልና ለመስቀል አይሰግዱም ተብለዋል፤ ነገር ግን ከክሶቹ መካከል ስግደት ለፈጣሪ ብቻ ነው ብለው ለንጉሡም አንሰግድም ማለታቸው ይገኝበታል። በሃይማኖቱ ክርክር ማን ልክ እንደነበረ መፍረድ የእኔ ሥራ አይደለም። መነኮሳቱ ከትግራይ የመጡ እንጂ የተጉለት ልጆች እንዳልነበሩም አውቃለሁ። ቢሆንም በከተማዋ ልደት ዕለት ዙፋኑ ብቻውን አልነበረም፤ ለዙፋኑ አንሰግድም ያሉትም በዚያው ቦታ ቆመው ነበር። የመጀመሪያውን ወገን ታሪክ ብለን ሁለተኛውን ከታሪክ ውጪ የምናደርግበት ምክንያት ሊገባኝ አልቻለም።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ንጉሥ ኃይለ መለኮት ከሞቱና ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ከያዙ በኋላ ሰይፉ ሣህለ ሥላሴ፣ ቀጥሎም አቶ በዛብህ ያሥነሧቸው እንቢተኝነቶች የመሳፍንት ጉዳይ ናቸው ቢባል አልከራከርም።

ሁለተኛው ነጥብ በሦስት የተከፈለ ስለሆነ ለያይቼ እመልስበታለሁ። ከተማዋ የጣሊያን ጦር ሰፈር ነበረች የተባለው እውነት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴና ወደ አስመራ የሚወስደው መንገድ በደብረ ብርሃን በኩል ስለሚያልፍ፣ ጣርማ በር ላይም ተራራውን ሰንጥቆ የወጣው ዋሻ የተቆፈረው ለዚሁ መንገድ ስለሆነ፣ ጠላት ይህችን ከተማ ሳይዝ ሊያድር አይችልም ነበር። ነገር ግን ጠላት ጦር የሚያከማቸውና ምሽግ የሚሠራው ሰው በገዛ ፈቃዱ በገበረበት አገር አይደለም። የጦር ሰፈር መኖር ተጋድሎ እንዳልነበረ ያስረዳል ማለት ማስረጃውን ገልብጦ ማንበብ ነው። በከተማው ውስጥ ለጠላት ያደሩ ባንዶች ነበሩ ከተባለም፣ ነበሩ፤ ባንዳ ያልነበረበት የኢትዮጵያ ከተማ ግን የትኛው እንደሆነ ጸሐፊው አልነገሩንም።

ተጋድሎው የገጠር እንጂ የከተማ አይደለም የሚለው ክፍል ደግሞ የአውራጃ ከተማን ጠባይ ካለመገንዘብ የመጣ ይመስለኛል። ደብረ ብርሃን የተጉለትና ቡልጋ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። እንዲህ ያለች ከተማ በዙሪያዋ ካለው ገጠር የምትለይበት አጥር የላትም፤ ነዋሪዋ በቅዳሜው ገበያ ከሚመጣው ገበሬ ጋር ወይ ዘመድ፣ ወይ አበልጅ፣ ወይ የማኅበር ጓደኛ ነው። አርበኛው ኃይለ ማርያም ማሞ ሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ የሚገሠግሠውን የጠላት ጦር ጫጫ ላይ ሲገጥም ጦርነቱ የተደረገው በከተማዋ ደጃፍ ነው። ዋና ከተማይቱ ገና በእጃችን ሳለች፣ ንጉሠ ነገሥቱ አገር ለቀው በሚወጡባቸው ቀናት፣ የአካባቢው ሰው በራሱ ተነሣስቶ መንገድ ዘጋ። ኃይለ ማርያምም በ1930 ዓ.ም. እስከ ወደቀበት ጊዜ ድረስ አልተመለሰም። ዛሬ በደብረ ብርሃን ያለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በስሙ የሚጠራው ለጌጥ አይደለም። በራስ አበበ አረጋይ ሥር በመንዝ፣ በጅሩ፣ በተጉለትና በአንኮበር ገደሎች ውስጥ ለአምስት ዓመት የቆየው ጦር ጨው፣ ጥይት፣ መድኃኒትና ወሬ ከየት ያገኝ ነበር ብሎ መጠየቅ ይገባል። ከገበያና ከከተማ ውጪ ምንጭ የለውም። የውስጥ አርበኛ የሚባለው ሰው በታሪካችን የራሱ ስፍራ ያለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሥራው ካልታየ የተሳካለት እሱ ነውና በከተማ ውስጥ የተኩስ ድምፅ ስላልተሰማ ተጋድሎ አልነበረም ማለት አይቻልም።

የጠላትም መዝገብ ከዚህ የተለየ አይናገርም። ግንቦት 1929 ዓ.ም. የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ከተረሸኑ በኋላ፣ መጀመሪያ ላይ በሕይወት የተተዉት ወጣት ዲያቆናት ወደ ደብረ ብርሃን አካባቢ ተወስደው ጥቂት ቀናት ቆይተው ተገድለዋል፤ ግራዚያኒ ወደ ሮም በላከው ቴሌግራም ቁጥራቸውን 129 አድርጎ አስታውቋል። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. ደግሞ በሰሜን ሸዋ ተራሮች መካከል በምትገኘው የዘረት ዋሻ ውስጥ የተጠለሉ አርበኞች፣ ከሴቶቻቸው፣ ከልጆቻቸውና ከሽማግሌዎቻቸው ጋር በመርዝ ጋዝ ታፍነው፣ የተረፉትም ወጥተው ተረሽነው አልቀዋል። ጸሐፊው የመኳንንት ሥራ ያሉት ተጋድሎ ዋጋው የተከፈለው በዲያቆንና በሕፃን ነፍስ ነው። መኳንንቱ መርተዋል፤ ይህንን ማንም አይክድም፤ የሞተው ግን ማን እንደሆነ ዋሻው ይመሰክራል።

አርበኞቹ ለዘውዱ ታማኝ ስለነበሩ ብቻ ተዋጉ የሚለው ሦስተኛው ክፍል በጽሑፉ ውስጥ ካሉት ሁሉ ደካማው ነው። የሸዋ አርበኞች በራስ አበበ መሪነት የልጅ ኢያሱን ልጅ መልአከ ፀሐይን ማንገሣቸው የታወቀ ነው። ወጣቱ ብዙም ሳይቆይ ሞተ፤ ጉዳዩም በዚያው ቀረ። ነገር ግን በስደት ላሉት ንጉሥ ታማኝ ከመሆን በቀር ሌላ ዓላማ ያልነበረው ጦር፣ ንጉሡ በሕይወት እያሉ በጫካ ሌላ ንጉሥ አያነግሥም። አገር ጥሎ የሄደ ንጉሥ የመግዛት መብቱ ምን ያህል ነው የሚለው ጥያቄ በሰሜን ሸዋ ጫካ ውስጥ በግልጽ ተነሥቷል። የተጉለትና ቡልጋው ተወላጅ ታከለ ወልደ ሐዋርያት ይህንኑ ጥያቄ ከነፃነት በኋላም ሊተዉት ስላልቻሉ ከእስር ወደ ሹመት፣ ከሹመት ወደ እስር ሲመላለሱ ኖረው፣ ኅዳር 1962 ዓ.ም. በቤታቸው ውስጥ ከመንግሥት ወታደሮች ጋር ተታኩሰው ሞተዋል። የታማኝነት ታሪክ ይህንን አይመስልም።

እግረ መንገዴን የታኅሣሥ 1953ቱን የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራም ላስታውስ። መንግሥቱ ንዋይና ግርማሜ ንዋይ ሞጃ የሚባለው የሸዋ መኳንንት ቤተሰብ ተወላጆች ናቸው፤ በቤተ መንግሥቱ አረንጓዴ ሳሎን ውስጥ ከተገደሉት ባለሥልጣናት አንዱ ደግሞ ራስ አበበ አረጋይ ነበሩ። በዚህ አሳዛኝ ፍጻሜ ገዳዩም ሟቹም ከዚህ አካባቢ ታሪክ ጋር የተቆራኙ ናቸው። ሸዋን በጅምላ የዘውዱ አሽከር አድርጎ መሣል እነዚህን ሰዎች የት እንደሚያስቀምጣቸው ለማወቅ እፈልጋለሁ።

ወደ 1966 ዓ.ም. ስንመጣ ጸሐፊው አብዮቱ በደብረ ብርሃን እንዳልተጀመረ መጻፋቸው ትክክል ነው። በአዲስ አበባም አልተጀመረም። የመጀመሪያው የወታደር እንቢታ ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. የታየው ነገሌ ቦረና ሲሆን፣ ምክንያቱም የተበላሸ ምግብና የውሃ ችግር ነበር፤ ነገሌም ከዋና ከተማው እጅግ የራቀች የጠረፍ ከተማ ናት። እንግዲህ አብዮት ከመሃል ወደ ዳር ይፈሳል የሚለው መነሻ ራሱ አይቆምም። ካድሬዎች አመጡት የሚለውም በዘመን ቅደም ተከተል ምክንያት ሊሆን አይችልም፤ ካድሬ የሚባለው ሰው በየአውራጃው የታየው የካቲት 66 የፖለቲካ ትምህርት ቤት በ1968 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላ ነው። ያልተወለደ ሰው መልእክት አያደርስም።

በየአውራጃው ከተማ አብዮቱን ያቀጣጠለው መምህሩ ነበር። መንግሥት ያዘጋጀው የትምህርት ዘርፍ ጥናት የአብዛኛውን ተማሪ ዕድል በታችኛው ክፍል የሚያስቀር፣ የመምህሩንም ኑሮ የሚያናጋ ሆኖ ስለተገኘ የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር የካቲት 11 ቀን አድማ መታ፤ የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ደግሞ የካቲት 28 ቀን አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ። መምህራን ማሠልጠኛ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና የብርድ ልብስ ፋብሪካ የነበራት ደብረ ብርሃን የዚህ ጥያቄ ባለቤት እንጂ ከሩቅ ሰሚ ልትሆን አትችልም። መምህራን የሚሠለጥኑባት ከተማ ስለ መምህራን አድማ በሬዲዮ ሰማች ማለት ሠልጣኞቹን እንደሌሉ መቁጠር ነው። ሬዲዮ ሚና ነበረው፤ ይህንን እቀበላለሁ። የሚሰማው ሰው ግን ለመስማት ምክንያት ያስፈልገዋል፤ ምክንያቱም በደጁ ያልፍ ነበር። የወሎ ረሃብ በከፋበት በ1965 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ የሚያመራው ረሃብተኛ የሚወርድበት መንገድ ይኸው የደሴ መንገድ ነበር። የአዲስ አበባ ሰው የረሃቡን ፊልም በቴሌቪዥን ያየው መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ንጉሡ ከመውረዳቸው አንድ ሌሊት ቀደም ብሎ ነው። በመንገዱ ላይ ላሉት ከተሞች ፊልም አላስፈለጋቸውም።

ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. በተጀመረው የእድገት በኅብረት ዘመቻ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን ብቻ ሳይሆኑ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችም ዘምተዋል። የአውራጃ ከተማ ልጅ በዚያ ዓመት አብዮቱን ተሸክሞ ወደ ሌላ ገጠር ሄዷል እንጂ ሌላው እስኪያመጣለት አልጠበቀም። ከሁለት ዓመት በኋላም በቀይ ሽብር ይኸው ትውልድ ነው የታጨደው። ይህንን ጉዳይ ጸሐፊው በአንድ ዐረፍተ ነገር እንኳ አለማንሣታቸው አሳዝኖኛል።

አሁን ወደ መንዝ ልመለስ፤ የጽሑፉ ዋና ምሰሶ እዚህ ነውና። ከመሬት አዋጁ ዘመን ጀምሮ በመስፍን ብሩና በመርዕድ ብሩ መሪነት በመንዝ የተካሄደው አመፅ በመኳንንት የተመራ፣ የቀድሞውን ሥርዓት መመለስ የሚፈልግ እንደነበረ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። ወንድማማቾቹንም ለማሞገስ አልተነሣሁም። የማልስማማው የመሪዎቹን ዓላማ ለተከታዩ ገበሬ በሙሉ በማልበሳቸውና ከዚያም ተነሥተው አገሩን የባለ ጥቅሞች አገር በማለታቸው ነው።

የመንዝን ጉዳይ ለመረዳት የመሬቱን ሥሪት መረዳት ግድ ነው። በደቡቡ የአገራችን ክፍል አራሹ በአብዛኛው ጢሰኛ ነበር፤ የምርቱን ሲሶ ወይም እኩሌታ ለባለ መሬቱ ያስረክብ ነበር፤ ስለዚህ ከየካቲት 1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪው «መሬት ለአራሹ» ብሎ ሲሰለፍ ጥያቄው የእሱ ነበር። የመንዝ፣ የተጉለትና የቡልጋ ደገኛ ግን በአብዛኛው ባለ ርስት ነው። ርስቱን በአባቱም በእናቱም በኩል ቆጥሮ ያገኛል፤ ለድርሻውም ከወንድሙና ከአጎቱ ጋር በዳኛ ፊት ዓመታትን ሊሟገት ይችላል፤ በሚስትና በርስት ቀልድ የለም የሚባለውም ከዚህ ኑሮ የወጣ ነው። ይህ ሰው ባለ ጥቅም ነው ማለት ነው? ውርጭ ገብሱን የሚበላበት፣ ትውልድ በተቆጠረ ቁጥር መሬቱ እየተሸራረፈ የሚያንስበት፣ ብርድ የሚከላከልበትን በርኖስና ባና ከገዛ በጉ ጠጉር የሚያዘጋጅ ገበሬ ነው። በላዩ ደግሞ የመንግሥት ግብር፣ እንዲሁም ከመሬቱ ግብር የመሰብሰብ መብት የተሰጠው የባለ ጉልቱ ጥያቄ ነበረበት። ከሥርዓቱ ያገኘው ትልቁ ሀብት ይህ መሬት የአያቶቼ ነው ብሎ የመናገር መብት ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ነው ሲል ለጢሰኛው ከጫንቃው ሸክም አወረደለት፤ ለባለ ርስቱ ግን ያንን አንድ መብት ወሰደበት። ከዚህ የተነሣ ገበሬው ቢጠራጠር፣ ከፊሉም ጠመንጃ ይዞ ቢወጣ፣ ምክንያቱ የጌታውን ጥቅም ማስከበር ሳይሆን የራሱን ማጣት መፍራት ነው። እንዲያውም በዚያው በሰሜን ሸዋ፣ ጢሰኛ በብዛት በነበረበት በይፋት ቆላ ያለው ገበሬ አዋጁን ከመንዝ ደገኛ ጋር በአንድ ዓይን ሊያየው አይችልም ነበር። አንድ አዋጅ የአንድ ቀን መንገድ በሚራራቁ በሁለት አውራጃዎች ሁለት ትርጉም ካለው፣ ሰሜን ሸዋ ፀረ አብዮት ነበር የሚለው ጅምላ ፍርድ ይፈርሳል። ይህ ፍርድ በመሠረቱ የደርግ ፍርድ እንደነበረም ጸሐፊው ሊያስተውሉት ይገባ ነበር፤ በዚያን ጊዜ የተነሣበትን ሁሉ በአንድ ስም ጠርቶ መምታት ለመንግሥቱ ይመቸው ነበር፤ ዛሬ ለሚጽፍ ሰው ግን የሚመች ምክንያት የለም።

ደግሞስ አንድን አብዮት መቃወም ከአብዮቱ ታሪክ ውጪ መሆን ነው ያለው ማን ነው? የመሬት አዋጁን የደገፈው ይፋቴም፣ የጠላው መንዜም፣ ሁለቱንም ከፋብሪካው በር ላይ ሆኖ ያየው የደብረ ብርሃን ሠራተኛም የአንድ ዘመን ተዋናዮች ናቸው። የታሪክ ምዕራፍ የሚጻፈው ለአሸናፊው ወገን ለተሰለፉት ብቻ ከሆነ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የ1966ቱን ጉዳይ ጠቅልለን መዝጋት ነበረብን።

የቀረው አብዮቱ በከተማዋ ላይ አሻራ አልተወም የሚለው ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን መሬት በሙሉ ከግል ይዞታ አወጣ፤ ከአንድ መኖሪያ በላይ የነበረውን ትርፍ ቤት ወረሰ፤ ኪራይም ቀነሰ። በወር ከ100 ብር በታች የሚከራዩትን ቤቶች የሚያስተዳድረው ቀበሌ ሆነ፤ ቀበሌ የሚባለውም ተቋም በከተማ የተተከለው በዚሁ አዋጅ ነው። በደብረ ብርሃን የቆዩት ሰፈሮች ውስጥ ዛሬም የቀበሌ ቤት ተብሎ የሚጠራ ቤት አለ፤ ተከራዩ ከሃምሳ ዓመት በፊት የወጣ የአብዮት አዋጅ ባቆመው ሥርዓት ውስጥ ይኖራል። ጸሐፊው በመጣጥፋቸው መጨረሻ ላይ ስለ ከተማዋ አዳዲስ ፋብሪካዎችና ስለ ባለ ሀብቶች መጉረፍ በኩራት ጽፈዋል፤ በዚህም አብሬያቸው እደሰታለሁ። ነገር ግን እነዚህ ባለ ሀብቶች ቦታውን ከባለ ርስት ገዝተው ሳይሆን ከከተማው አስተዳደር በሊዝ የሚወስዱት፣ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ብሎ ያጸናው የ1967ቱ ውሳኔ እስከ ዛሬ ስለሚሠራ ነው።